በልደት ሰሞን ስለሚደረገው የወፎች ቈጠራ፤ ቍጥሩና አካፋዩ

በ1886 ዓ.ም. ፍራንክ ቻፕማን የሚባል፣ በእኛ ዕድሜ የነበረ አንድ አሜሪካዊ፣ በኒው ዮርክ ከተማ ሱቅ በሚበዛበት ሰፈር ሁለት ቀን ከቀትር በኋላ እየተዘዋወረ የሴቶችን ባርኔጣ ቈጠረ። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቈጣጠር ናቸው።) ያየው ባርኔጣ 700 ሲሆን ከዚህ ውስጥ 542ቱ በወፍ ላባ ወይም ደርቆ በተሰፋ ሙሉ ወፍ ያጌጠ ነበር። ቻፕማን ወፎችን ለይቶ ያውቅ ስለ ነበር በሴቶቹ ራስ ላይ 40 ያህል ዓይነት መዝግቦ ተመለሰ። ወደ ዱር ሳይወጣ በከተማ መንገድ ላይ 40 ዓይነት ወፍ ማየቱ የሚያስቅ ቢመስልም፣ በዚያን ዘመን ለጌጥ ሲባል ምን ያህል ወፍ ይገደል እንደ ነበረ ለማሳየት ከዚህ ያጠረ ማስረጃ አላገኘንም።

ይህን ታሪክ ያስቀደምነው ግን ለማሳቅ አይደለም፤ ከሁለቱ ቍጥሮች መካከል የሚበልጠው የትኛው ነው ብለን ለመጠየቅ ነው። ታሪኩን የሰማ ሰው ሁሉ የሚያስታውሰው 542ን ነው። ነገሩን ማስረጃ ያደረገው ግን 700 ነው። ቻፕማን ላባ የሌላቸውን 158 ባርኔጣዎች እንደ ከንቱ አይቶ ሳይጽፋቸው ቢያልፍ ኖሮ፣ 542 የሚለው ቍጥር ከብዙ ጥቂቱ ይሁን ወይም ከጥቂት ብዙው ማንም ሊያውቅ ባልቻለ ነበር። በአገራችን አንድ ገበሬ 20 ኩንታል ጤፍ አገባ ሲባል የሰማ ሁሉ፣ «ከስንት ጥማድ?» ብሎ ይጠይቃል። እኛም ስለ ወፎች ቈጠራ የምናቀርበው ሒስ ከዚህ ከገበሬው ጥያቄ የራቀ አይደለም።

ከባርኔጣው ቈጠራ 14 ዓመት በኋላ ይኸው ቻፕማን፣ በኒው ዮርክ ባለው የአሜሪካ የተፈጥሮ ታሪክ ቤተ መዘክር የወፎች ሊቅና የአንድ የወፎች መጽሔት አዘጋጅ ሆኖ ሳለ፣ አንድ የቆየ ልማድ እንዲለወጥ አሳሰበ። ልማዱም ይህ ነበር፤ በልደት ቀን ወንዶቹ በሁለት ወገን ተከፍለው ጠመንጃቸውን ይዘው ይወጣሉ፤ ያገኙትን ባለ ላባና ባለ ጠጕር ሁሉ ይገድላሉ፤ ማታ የየወገኑ ክምር ይቈጠርና የበዛለት ይረታል። ቻፕማን መቍጠሩ ይቅር አላለም። መግደሉ ቀርቶ መቍጠሩ ብቻ ይሁን አለ። በዚህም መሠረት ዲሴምበር 25 ቀን 1900 ዓ.ም. 27 ሰዎች በ25 ቦታዎች፣ ከካናዳዋ ቶሮንቶ ጀምሮ በካሊፎርኒያ እስካለችው እስከ ፓሲፊክ ግሮቭ ድረስ፣ ወፍ ሲቈጥሩ ዋሉ። በጠቅላላው 90 ያህል ዓይነት አገኙ።

ዛሬ ይህን ቈጠራ የሚመራው የኦዱቦን ማኅበር ነው። በየዓመቱ ከዲሴምበር 14 እስከ ጃንዋሪ 5 ባለው ጊዜ፣ ከ2,000 በሚበልጡ ክበቦች ውስጥ ከ70,000 በላይ የሆኑ ሰዎች በፈቃዳቸው ይወጣሉ። እያንዳንዱ ክበብ ከዳር እስከ ዳር 24 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ክበቡ አንድ ጊዜ ከተወሰነ በኋላ በየዓመቱ ያው ነው፤ በክበቡ ውስጥ ቈጠራው የሚካሄደው በአንድ ቀን ብቻ ነው። ቈጣሪዎቹ አስተማሪ፣ ጡረተኛ፣ ተማሪ፣ የሱቅ ሠራተኛ ናቸው። የሚከፈላቸው የለም። ብርዱ በጣቶቻቸው ገብቶ እርሳስ መያዝ እስኪሳናቸው ድረስ ይቈጥራሉ።

እዚህ ላይ ስለ ስሙ አንድ ነገር እንበል። የፈረንጆቹን የብርድ ወራት በአማርኛ ክረምት ማለት ስለ ተለመደ፣ አንድ ተርጓሚ «የክረምት የወፎች ቈጠራ» ብሎ ቢጽፍ አንባቢያችን የሚያስበው ሐምሌን፣ ጭቃንና የሞላ ወንዝን ነው። በዘመን አቈጣጠራችን ግን ዲሴምበር 14 ታኅሣሥ 5 ነው፤ ጃንዋሪ 5 ደግሞ ታኅሣሥ 27። እንግዲህ ቈጠራው የሚጀመረው በመፀው መጨረሻ ሲሆን የሚፈጸመው በጋ በገባ በማግሥቱ ነው። የእኛ ልደት ሲደርስ ቈጣሪዎቹ ሁሉ ቤታቸው ገብተዋል። ይህ የቃል ክርክር ብቻ አይደለም። በሰሜኑ አገር በዚያን ወራት ዛፉ ቅጠሉን አራግፎ ራቁቱን ይቆማል፤ ኵሬው ይረጋል፤ ወፎቹም ባልረጋው ጥቂት ውኃና ፍሬ ባልታጣበት ጥቂት ስፍራ ይሰበሰባሉ። ለቈጣሪ ይህ መልካም ጊዜ ነው። እኛ ዘንድ ግን በዚያው ሰሞን ከአውሮፓና ከእስያ የሸሹ ወፎች መጥተው በስምጥ ሸለቆ ሐይቆች ዳር ከነዋሪዎቹ ጋር ተደባልቀው ይገኛሉ። ለዚህ ጊዜ አንድ ቃል መምረጥ ካለብን «የብርድ ወራት ቈጠራ» ቢባል ይሻላል እንላለን፤ ለአገራችን ደግሞ «የበጋ ቈጠራ» ቢባል ማንም አይሳሳትም።

ቀኑን የመረጠው ግን የዕውቀት ምርመራ አለመሆኑን መዘንጋት አይገባም። ቻፕማን የልደትን ቀን የወሰደው አዳኞቹ የሚወጡት በዚያን ቀን ስለ ነበረ ነው። በሌላ አነጋገር ቈጠራው የተተከለው በአደኑ ሥር ነው፤ ከአደኑ የወረሰውም ነገር አለ፤ እርሱም እሽቅድምድም ነው። ከዚህ በታች እንደምንመለስበት፣ በዛሬዎቹ ቈጣሪዎች ዘንድ ማታ በእራት ላይ የዓይነቱ ድምር ሲነበብ፣ አንዱ ክበብ ከሌላው በልጦ ሲገኝ የሚሰማው ጭብጨባ ከአሮጌው ክምር ትዝታ የራቀ አይመስለንም።

በቈጠራው ላይ ዘወትር የሚቀርበው ነቀፌታ፣ ያልተማረ ሰው የቈጠረው ለዕውቀት አይሆንም የሚል ነው። ይህን ነቀፌታ አንቀበልም። የሳሳተ ዓይን ያለው ሊቅም አለ፤ በሰፈሩ ያለውን ወፍ ሁሉ በድምፁ የሚለይ እረኛም አለ። ከዚህም በላይ አንዱ ሰው ሲሳሳት ሌላው በሌላ በኩል ይሳሳታልና፣ ብዙ ሰው በብዙ ዓመት በቈጠረው ውስጥ የግል ስሕተት እየተጣፋ ይሄዳል። የማይጣፋው ሁሉም ወደ አንድ ወገን የሚሳሳቱት ስሕተት ነው። ለምሳሌ፣ አንድ ሺህ ወይም አሥር ሺህ ወፍ በአንድ ጊዜ ሲነሣ አንድ በአንድ መቍጠር ስለማይቻል፣ ቈጣሪው አሥር ቈጥሮ ያ አሥር የያዘውን ስፍራ በዓይኑ ይለካና መንጋው ስንት አሥር እንደ ሆነ ይገምታል። መንጋው በበዛ ቍጥር ብዙ ሰው የሚገምተው ከእውነቱ አሳንሶ ነው። ስለዚህ የትልቅ መንጋ ቍጥር ሲነበብ «ቢያንስ» የሚል ቃል ከፊቱ እንዳለ አድርጎ መረዳት ይገባል።

ትልቁ ነገር ግን ድካሙ ነው። በመጀመሪያው ዓመት 27 ሰዎች ወጡ፤ ዛሬ ከ70,000 በላይ ይወጣሉ። የመጀመሪያዎቹ ደካማ መነጽር ይዘው በእግር ወይም በጋሪ ሄዱ፤ የአሁኖቹ ጥሩ መነጽር፣ መኪናና የእጅ ስልክ አላቸው። የሁለቱን ድምር ጎን ለጎን አስቀምጦ «ወፍ በዛ» የሚል ሰው፣ የጤፉን ኩንታል ሰምቶ መሬቱን ያልጠየቀ ሰው ነው። ቻፕማን ይህን ከመጀመሪያው ተረድቶት ነበር ማለት ይቻላል፤ ለቈጣሪዎቹ በላከው ማሳሰቢያ የአየሩን ሁኔታ፣ የወጡበትንና የተመለሱበትን ሰዓት አብረው እንዲጽፉ ጠይቋልና። ከጊዜ በኋላ ይህ ተስተካክሎ «የቡድን ሰዓት» የሚባል መለኪያ ወጣ። አንድ ቡድን አንድ ሰዓት ቢቈጥር አንድ ይባላል፤ ሦስት ቡድን አራት ሰዓት ቢቈጥሩ አሥራ ሁለት ይባላል፤ የወፎቹ ቍጥር በዚህ ይካፈላል። 700ው ባርኔጣ በሌላ መልክ ተመለሰ ማለት ነው።

ይህም ቢሆን እንከን አላጣም። ሰዓቱ እጥፍ ቢሆን ወፉ እጥፍ አይሆንም። በመጀመሪያው ሰዓት ብዙው ይታያል፤ ከዚያ በኋላ የሚጨመረው እያነሰ ይሄዳል። በጫካ ውስጥ በእግር የተኬደበት ሰዓትና በመኪና መስኮት የታየበት ሰዓት ስማቸው አንድ ይሁን እንጂ ነገራቸው አንድ አይደለም። ጉጉትን በቀን ብርሃን በሺህ ሰዓት ቢፈልጓት የምትገኘው ጥቂት ነው። የአሁኖቹ የስታቲስቲክስ ሊቃውንት ይህን ተረድተው ለየወፉ ዓይነት የድካሙን ዋጋ ለየብቻ የሚገምት ስሌት ያዘጋጃሉ፤ በዚህም ምክንያት ለብዙ ምርመራ ጥንታዊዎቹን ዓመታት ትተው ከ1960ዎቹ ወዲህ ያለውን መዝገብ ይመርጣሉ። እኛ የምንነቅፈው ሊቃውንቱን አይደለም። በጋዜጣ ላይ ዋናው ቍጥር ብቻ ወጥቶ አካፋዩ በመንገድ መቅረቱን ነው።

በደንብ ሲያካፍሉት ቈጠራው ምን ሊያሳይ እንደሚችል ሁለት ምሳሌ እንጥቀስ። «ሃውስ ፊንች» የምትባል ትንሽ ወፍ፣ ወንዱ ደረቱ ቀላ ያለ፣ የአሜሪካ ምዕራብ ነዋሪ ነበረች። በ1940 ዓ.ም. በኒው ዮርክ አጠገብ ባለው በሎንግ አይላንድ፣ በሕግ የተከለከለ ንግዳቸው የታወቀባቸው ነጋዴዎች ከቀፎ ለቀቋት ይባላል። ከዚያ ወዲያ ዓመት በዓመት ከአንዱ ክበብ ወደ ሌላው እየተሻገረች ምሥራቁን ሁሉ ስትይዝ፣ ጕዞዋ በልደት ቈጠራ መዝገብ ላይ እንደ ሰው ዱካ ይነበባል። በ1994 ዓ.ም. ደግሞ ዓይን የሚያሳብጥ በሽታ በዋሽንግተን አካባቢ ታየባት፤ በሽታው ባለፈባቸው ክበቦች ቍጥሯ እንዴት እንደ ወረደ የታወቀው በዚያው መዝገብ ነው። የትኛውም መንግሥት ገንዘብ መድቦ ይህችን ተራ ወፍ አምሳ ዓመት ይከታተል ነበር ብለን አናምንም።

ሁለተኛው ምሳሌ በ2009 ዓ.ም. የኦዱቦን ማኅበር ያወጣው ምርመራ ነው። የ40 ዓመት መዝገብ ተመርምሮ፣ ከ305 ዓይነት ወፎች 177ቱ የብርድ ወራት መኖሪያቸውን ወደ ሰሜን እንዳዛወሩ ተገኘ። ምክንያቱ የአየሩ መሞቅ ነው ተባለ። እኛም በጠቅላላው እናምንበታለን፤ ነገር ግን አንድ ጥያቄ እንጨምራለን። ክበቦቹ የተተከሉት ወፍ ባለበት ሳይሆን ሰው ባለበት ነው። ሰው ባለበት ደግሞ በየጓሮው ለወፍ የሚሰቀል እህል አለ። በብርድ አገር እህል ያገኘች ወፍ የምትሰደድበት ምክንያት ይቀንሳል። የአየሩን ሥራና የጓሮውን እህል ሥራ ለመለየት የወፉ ቍጥር ብቻውን አይበቃም። ሰው የማይኖርበት ሰፊ የሰሜን ዱር ደግሞ ክበብ የሌለው ስለ ሆነ ዝም ይላል፤ የመዝገብ ዝምታ ደግሞ ባዶነት እየመሰለ ያሳስታል።

አሁን ወደ እሽቅድምድሙ እንመለስ። በአንድ ክበብ ውስጥ አንድ እንግዳ ወፍ፣ መንገድ ስቶ ከሌላ ክፍለ ዓለም የመጣ፣ ቢታይ መኪናዎች ይሰበሰባሉ፤ ፎቶግራፍ ይነሣል፤ ጋዜጣ ይጽፋል። ድንቢጧ ግን «ወደ 200 ያህል» ትባልና ታልፋለች። የቈጠራው ጕድለት ከሁሉ ይልቅ የሚጐዳው እዚህ ላይ ነው እንላለን፤ ምክንያቱም እየጠፋ ያለው ተራው ወፍ ነውና። በ2019 ዓ.ም. «ሳይንስ» በተባለው መጽሔት የወጣ ምርመራ፣ ከ1970 ዓ.ም. ወዲህ በሰሜን አሜሪካ ወደ 3 ቢሊዮን የሚጠጋ ወፍ፣ ማለትም ከመቶ 29 እጅ፣ እንደ ጐደለ አስታወቀ። ይህ ምርመራ የልደቱን ቈጠራ ከሌሎች ቈጠራዎችና የአየር ጠባይን ከሚመለከቱ ራዳሮች ጋር አስተባብሮ የተሠራ ነው። ከጐደሉት ብዙዎቹ ማንም ፎቶግራፍ የማያነሣቸው፣ በየአጥሩና በየእርሻው የሚኖሩ፣ የድንቢጥ ወገንና የመሳሰሉት ናቸው።

አሜሪካኖች ይህን ከማንም ይልቅ ሊያውቁት ይገባ ነበር። መንገደኛ ርግብ የምትባለው ወፍ በአንድ ዘመን በቢሊዮን የምትገመት፣ ስታልፍ ፀሓይን የምትጋርድ ነበረች። የመጨረሻይቱ ሴፕቴምበር 1 ቀን 1914 ዓ.ም. በሲንሲናቲ ከተማ በእንስሳት ማኖሪያ ውስጥ ሞተች። ስለ ብዛቷ የተደነቁ መንገደኞች ብዙ ጽፈዋል። በየዓመቱ በአንድ ቦታ በአንድ ዓይነት መንገድ የቈጠራት ግን አልነበረም፤ የበዛ ነገር ይቈጠራል ብሎ ማን ያስባል?

እኛ በተማርንበት የሚሲዮን ትምህርት ቤት ንጉሥ ዳዊት ሕዝቡን በመቍጠሩ እንደ ተቀጣ ሲነገረን፣ መቍጠር ለምን ኀጢአት እንደሚሆን አልገባንም ነበር። በመንደራችንም ሽማግሌዎች ልጅንና ከብትን መቍጠር አይወዱም፤ አንድ ሰው ስንት ልጅ አለህ ቢባል «እግዚአብሔር የሰጠኝ» ብሎ ያልፋል። ዛሬ ግን ነገሩ በከፊል የገባን ይመስለናል። ለትምክሕት የሚቈጥርና ለጥበቃ የሚቈጥር ሰው አንድ አይደሉም። እረኛ ማታ በበረቱ በር ቆሞ ከብቱን በዓይኑ የሚለቅመው ስንት እንዳሉት ለመፎከር ሳይሆን የቀረች እንዳለች ለማወቅ ነው። የልደቱ ቈጠራ ከአዳኞቹ ክምር ተነሥቶ ወደ እረኛው መንገድ ለመድረስ 120 ዓመት ተጕዟል፤ ጨርሶ ግን አልደረሰም።

በብሪታንያ የሚደረገው ቈጠራ በዚህ ረገድ ትሑት ነው። የወፎች ጥበቃ ንጉሣዊ ማኅበር በ1979 ዓ.ም. ለልጆች ብሎ የጀመረው ይህ ቈጠራ በጃንዋሪ መጨረሻ ይደረጋል። ሰው በመስኮቱ ወይም በጓሮው ተቀምጦ አንድ ሰዓት ብቻ ይመለከታል። የሚጽፈውም ያየውን ሁሉ ደምሮ ሳይሆን፣ ከየዓይነቱ በአንድ ጊዜ አብረው ያያቸውን የሚበዙትን ብቻ ነው። ሁለት ድንቢጥ ስድስት ጊዜ ብትመላለስ ሁለት ናት እንጂ አሥራ ሁለት አይደለችም። ሰዓቱ ለሁሉ አንድ ስለ ሆነ አካፋዩ በሕጉ ውስጥ አለ፤ ሕፃንም ሊሳሳትበት አይችልም። ድንቢጥ ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ በየጓሮው ከግማሽ በላይ እንደ ቀነሰች የታወቀው በዚህ ነው፤ የሚያስገርመው ደግሞ ይህች ከግማሽ በላይ የቀነሰች ወፍ ዛሬም በብዙ ዓመት በዝርዝሩ አንደኛ ሆና መውጣቷ ነው። አንደኛ መሆኗን ብቻ ያነበበ ሰው ደኅና ናት ብሎ መጽሔቱን ያጥፋል።

ይህ ሁሉ የሩቅ አገር ነገር ነው የሚል አንባቢ ቢኖር፣ በአገራችንም ቈጠራ እንዳለ እናስታውሰዋለን። ከ1967 ዓ.ም. ጀምሮ በአውሮፓና በአካባቢው በጃንዋሪ አጋማሽ የሚደረግ የውኃ ወፎች ቈጠራ አለ። የአፍሪካው ክፍል በ1991 ዓ.ም. ተጀመረ። ጃንዋሪ አጋማሽ እኛ ዘንድ ጥር መግቢያ ነው። በ1971 ዓ.ም. ራምሳር በተባለች የኢራን ከተማ የተደረገው የረግረግ ስፍራዎች ስምምነት፣ አንድ ስፍራ በዓለም አቀፍ ደረጃ ሊጠበቅ የሚገባው ነው ለማለት ከሚጠይቃቸው መመዘኛዎች አንዱ ዘወትር 20,000 የውኃ ወፍ መገኘት ነው። እንዲህ ከሆነ በጥር ማለዳ በሐይቅ ዳር የሚጻፈው ቍጥር የሐይቁን ዕድል ሊወስን ይችላል።

ነገር ግን ስለ ድምር የተናገርነው እዚህ ላይ በይበልጥ ይሠራል። የአቢያታንና የሻላን ሐይቆች እንመልከት። ሁለቱ ጎረቤት ናቸው። በሻላ ደሴቶች ላይ የሚፈለፈሉት ነጫጭ ፔሊካኖች በጥልቁ ሻላ ምግብ ስለማያገኙ፣ መካከሉን ተሻግረው ዓሣ የሚያጠምዱት በአቢያታ ነበር። የአቢያታ ውኃ ለመስኖና ለሶዳ አሽ ፋብሪካ ሲሳብ ሐይቁ ሸሸ፤ ጨዋማነቱ በረታ፤ ዓሣው አለቀ። ፔሊካን ያለ ዓሣ አይኖርም። ፍላሚንጎ ግን ጨዋማና ጥልቀት የሌለው ውኃ ይስማማዋል። አንድ ሰው በአቢያታ ዳር ቆሞ የውኃ ወፍ ሁሉ ደምሮ ቢጽፍ፣ ፍላሚንጎው የፔሊካኑን ጕድለት ሸፍኖለት፣ ድምሩ የታመመውን ሐይቅ ጤነኛ ሊያስመስለው ይችላል። የውኃው ወሰን የት እንደ ደረሰና ያልታየው ወፍ የትኛው እንደ ሆነ ካልተጻፈ፣ 20,000 የሚለው ቍጥር ምስክርነቱ ለሐይቁ ሳይሆን በሐይቁ ላይ ነው።

ስለ ሌሎች ይህን ያህል ከተናገርን የራሳችንንም መሰወር አይገባም። ባለፈው ጥር ሦስት ሆነን፣ ማንም ሳይልከን፣ በቢሾፍቱ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ሐይቅ ለልምምድ ወጥተን ነበር። አንድ መነጽር ተውሰን ሦስታችን በተራ እንመለከትበት ነበር። ደስታችን ብዙ ነበር፤ ዳክዬውን በአሥር በአሥር ስንገምት ልክ እንደ ሊቃውንት ሆንን። የቈጠርነውንም በደብተር ቅጠል ላይ አምዱን አስምረን በጥሩ ጽሕፈት ጻፍነው። ወደ ማደሪያችን ተመልሰን ይህን ሒስ ለመጻፍ ስንዘጋጅ ቅጠሉን አወጣን። የወጣንበት ሰዓት የለም። የተመለስንበትም የለም። ከዙሪያው ምን ያህሉን እንደ ዞርን አልተጻፈም። ከየወፉ ስም አጠገብ ቍጥር አለ፤ ያላየነው ወፍ ስም ግን ከቶ አልገባም።

ሰዓቱን በአውቶቡሱ ትኬትና በምሳ ጊዜያችን እያሰላሰልን መልሰን አገኘነው፤ ሦስት ሰዓት ከሩብ ያህል ነበር። ከዚያ ከሦስታችን አንዱ፣ ፔሊካን ነበረ ወይ ብሎ ጠየቀ። አንዳችን አልነበረም አለ። ሁለተኛው፣ በወዲያኛው ዳር ነጭ ነገር አይቻለሁ፤ ነገር ግን መነጽሩ ያን ጊዜ በእጄ አልነበረም አለ። ሦስተኛው ወደዚያኛው ዳር ማናችንም እንዳልተመለከትን ይምላል። በቅጠሉ ላይ በዚያ ስፍራ ባዶ ወረቀት አለ፤ ባዶው «የለም» ማለት ይሁን ወይም «አላየንም» ማለት፣ እስከ ዛሬ አልተስማማንም።